ሀዋሳ ላይ ኮሌራ ቢገባ ማን ምን ይሠራል?

እስቲ አንድ ነገር እናስብ። ታሪኩ የፈጠራ ነው፤ አሠራሩ ግን የእውነት ነው። ወሩ ሐምሌ ነው። ሀዋሳ ላይ ሲዘንብ አድሯል። ሐሙስ ጠዋት አንዲት ወጣት በባጃጅ ተደግፋ ጤና ጣቢያ ትደርሳለች። ኢንዱስትሪ ፓርኩ ውስጥ ስፌት ላይ የምትሠራ ልጅ ናት እንበል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስቀምጣት ነው ያደረው። የሚወጣት ነገር ሩዝ የታጠበበት ውሃ ይመስላል። አይኗ ጎድጉዷል። የእጇን ቆዳ ቆንጥጠው ሲለቁት ቶሎ አይመለስም።

ተረኛዋ ነርስ ሁለት ነገር ታደርጋለች። ፈሳሽ ታስጀምራለች፤ ከዚያ ስልክ ታነሳለች። ልጅቷን የሚያድናት የመጀመሪያው ነው። ከተማዋን የሚያድናት ግን ሁለተኛው ነው።

ብዙዎቻችን ወረርሽኝ ሲባል ትዝ የሚለን ነጭ ቱታ የለበሰ ሰውና እየጮኸ የሚያልፍ አምቡላንስ ነው። ካሜራ የሚወደው እሱን ስለሆነ አይፈረድብንም። የሚበዛው ሥራ ግን ስልክ፣ መዝገብ፣ ክሎሪንና ሰው ማነጋገር ነው። አሰልቺ ሥራ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ካልተሠራ ግን በኋላ ገንዘብ ቢፈስም አይካካስም።

ስልኩ የት ይደርሳል?

አገራችን ውስጥ ሪፖርት የሚደረጉ በሽታዎች በሁለት ይከፈላሉ። እንደ ወባ ያሉት በየሳምንቱ ተቆጥረው ይላካሉ። እንደ ኮሌራ፣ ኩፍኝ፣ ፖሊዮ፣ ቢጫ ወባና አባ ሰንጋ ያሉት ግን ሳምንት አይጠበቅላቸውም። ጥርጣሬ እንደተፈጠረ በ30 ደቂቃ ውስጥ ለሚቀጥለው እርከን መነገር አለባቸው። ከጤና ኬላ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ወረዳ ወይም ክፍለ ከተማ፣ ከዚያ ወደ ከተማው ጤና መምሪያ፣ ወደ ክልል፣ በመጨረሻም አዲስ አበባ ወዳለው የኢትዮጵያ ህብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት። እያንዳንዱ እርከን የተሰጠው ግማሽ ሰዓት ብቻ ነው። ጉዳዩ ለሌሎች አገሮችም የሚያሰጋ ሆኖ ከተገኘ መንግሥት በ24 ሰዓት ውስጥ ለዓለም ጤና ድርጅት ማሳወቅ አለበት። ይህ በዓለም አቀፉ የጤና ደንብ የገባንበት ግዴታ ነው።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ነርሷ የላቦራቶሪ ውጤት አልጠበቀችም። መጠርጠሯ ይበቃል። ውጤቱ ኔጋቲቭ ቢመጣ የጠፋው የአንድ ከሰዓት በኋላ ሥራ ነው። ፖዘቲቭ ቢሆንና እሷ ዝም ብላ ቢሆን ግን ቅዳሜ ገበያው አለ፣ እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ አለ፣ ሰኞ ደግሞ ፋብሪካው አለ።

ችኮላው ለምንድን ነው? የኮሌራ ተህዋስ ሰው ሆድ ከገባ በኋላ ከጥቂት ሰዓታት እስከ 5 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ሕመሙን ያሳያል። ከዚህ የሚከፋው ደግሞ ሌላ ነው። ከተያዙት ሰዎች አብዛኞቹ ምንም አይሰማቸውም፣ ወይም ቀለል ያለ ተቅማጥ ይዟቸው ያልፋል። ሆኖም ተህዋሱ ከሰገራቸው ጋር እስከ 10 ቀን ድረስ ሊወጣ ይችላል። ጤና ጣቢያ አንዲት ልጅ ስትመጣ ሰፈር ውስጥ የሚመላለሱ፣ ሽንት ቤት የሚጋሩ፣ ምግብ የሚያቀርቡ ሌሎች አሉ ማለት ነው።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ የዘርፉ ሰዎች አንድ ቀላል መለኪያ ይጠቀማሉ። ሰባት፣ አንድ፣ ሰባት ይሉታል። ወረርሽኙ ከጀመረ በ7 ቀን ውስጥ መታወቅ አለበት። ከታወቀ በ1 ቀን ውስጥ ለሚመለከተው አካል መነገር አለበት። ከተነገረ በ7 ቀን ውስጥ የመጀመሪያዎቹ የምላሽ ሥራዎች መጠናቀቅ አለባቸው። ኢትዮጵያ መለኪያውን ቀድመው ከሞከሩት አገሮች አንዷ ናት። የምወድለት ነገር ሰበብ አለመቀበሉ ነው። "ተረባርበናል" የሚል ሪፖርት አይወስድም። ቀኑን ቁጠር ነው የሚለው።

ስልኩ የሚዘገየው ብዙ ጊዜ በኔትወርክ ምክንያት አይደለም። የወረዳችን ስም እንዳይጠፋ ነው። ቱሪስት እንዳይቀር፣ አለቃ እንዳይቆጣ ነው። ይህ ባህል ከላይም የወረደ ነው። ለረጅም ዓመታት በይፋዊ መግለጫ ላይ ኮሌራ የሚለው ቃል አይወጣም ነበር፤ "አተት" ነበር የሚባለው። አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት ማለት ነው። ሐኪሙ ምን እንደሆነ ያውቃል፣ ሕዝቡም ይጠረጥራል፣ ወረቀቱ ላይ ግን አተት ነው። አሁን አሁን መንግሥት በግልጽ ኮሌራ ማለት ጀምሯል። ነሐሴ 2014 ዓ.ም. በባሌ ዞን ሐረና ቡሉቅ ወረዳ ተጀምሮ ወደ ብዙ ክልሎች የተዛመተው ወረርሽኝ በስሙ ነው የተጠራው። ደግ አደረጉ። በስሙ የማይጠራ በሽታ የክትባት ጥያቄም፣ የክሎሪን በጀትም በጊዜ አይገኝለትም።

ማን ነው ኬዝ የሚባለው?

አርብ ጠዋት አፋጣኝ ምላሽ ሰጪ ቡድኑ ይሰበሰባል። ኤፒዲሚዮሎጂስት (የበሽታን ስርጭት የሚያጠና ባለሙያ)፣ ሐኪም ወይም ጤና መኮንን፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ፣ የአካባቢ ጤና ባለሙያ፣ ከማኅበረሰብ ጋር የሚነጋገር ሰው ይኖሩበታል። የመጀመሪያ ሥራቸው መስማማት ነው። ኬዝ የምንለው ማንን ነው?

ነገሩ የቢሮ ጨዋታ ይመስላል፤ አይደለም። ወረርሽኙ ገና ባልተረጋገጠበት ቦታ የሚጠረጠረው ዕድሜው 2 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነ፣ አጣዳፊ ውሃማ ተቅማጥ ይዞት በጣም የደረቀ ወይም የሞተ ሰው ነው። ከተረጋገጠ በኋላ ግን መረቡ ይሰፋል። ውሃማ ተቅማጥ የያዘው ሁሉ ይቆጠራል፣ ሕፃንም ቢሆን። አንዱ ጤና ጣቢያ በመጀመሪያው፣ ሌላው በሁለተኛው ከቆጠረ ከታቦርና ከመናኸሪያ ክፍለ ከተማ የመጡት ቁጥሮች አይወዳደሩም። አንዱ ሰፈር ተባብሷል ተብሎ የውሃ ቦቴው ሁሉ እዚያ ሲላክ፣ ሌላው ሰፈር በዝምታ ይታመማል።

ናሙናው ከሰገራ ይወሰዳል። ፈጣን መመርመሪያ ፍንጭ ይሰጣል እንጂ የመጨረሻ ቃል የለውም። ናሙናው ኬሪ ብሌር በሚባል ማቆያ ውስጥ ተደርጎ ላቦራቶሪ ይላካል፣ እዚያ ይበቅላል። ወረርሽኙ አንዴ ከተረጋገጠ ሁሉንም ታማሚ መመርመር አያስፈልግም። በየጊዜው የተወሰኑትን መርምሮ ተህዋሱ አሁንም እሱ መሆኑን፣ የትኛውን መድኃኒት እንደለመደ ማየት ይበቃል። ወደ ሕክምናው ማንም ሰው ውጤት ጠብቆ አይገባም።

ቀጥሎ መዝገቡ ይመጣል። ባለሙያዎቹ ላይን ሊስት ይሉታል። አንድ ታማሚ፣ አንድ መስመር። ስም፣ ዕድሜ፣ ጾታ፣ ቀበሌ፣ ሕመሙ የጀመረበት ቀን፣ ውሃ የሚቀዳበት ቦታ፣ ባለፉት 5 ቀናት የበላበት ድግስ ወይም ለቅሶ ቤት፣ የደረሰበት ሁኔታ። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ዓምድ ሕመሙ የጀመረበት ቀን ነው። ወደ ጤና ጣቢያ የመጣበት ቀን አይደለም። ሰው ማክሰኞ ታሞ ሐሙስ ሊመጣ ይችላል። በመጣበት ቀን ከተመዘገበ ሥዕሉ በሙሉ ይዛባል።

ሥዕል ያልኩት በምክንያት ነው። በየቀኑ ስንት ሰው እንደታመመ በግራፍ ይሳላል። አምዶቹ ድንገት ቀጥ ብለው ወጥተው ቶሎ ከወረዱ ሰዎቹ በአንድ ጊዜ ከአንድ ምንጭ ተበክለዋል ብሎ መጠርጠር ይቻላል። አንድ ሰርግ፣ አንድ ጉድጓድ። አምዶቹ በየጥቂት ቀኑ እየተነሱ፣ እያንዳንዱ ካለፈው እየረዘመ ከሄደ ደግሞ በሽታው ከቤት ወደ ቤት እየተላለፈ ነው። የመጀመሪያው ምንጩን ፈልግና ዝጋ ይላል። ሁለተኛው ሰፈሩን በሙሉ አዳርስ ይላል። እነዚህ የተለያዩ ሥራዎች ናቸው፤ የተለያየ ሰውና ገንዘብም ይጠይቃሉ።

"ቧንቧው ሲጠፋስ?"

የምርመራው እውነተኛ ጥበብ ግን ያለው ጥያቄ መጠየቅ ላይ ነው። የፈጠራ ታሪካችንን እንቀጥል። የጤና ኤክስቴንሽኗና ጤና መኮንኑ ልጅቷ የተከራየችበት ግቢ ይሄዳሉ። ዳቶ አካባቢ ነው እንበል። አንድ ግቢ ውስጥ አሥር ክፍል አለ፤ በየክፍሉ ሦስት አራት ልጆች ይኖራሉ። አንድ ሽንት ቤት አላቸው።

"እትዬ፣ ውሃ ከየት ነው የምትቀዱት?"

"ከቧንቧ ነዋ። ይኸው ደጃችን ላይ።"

መዝገቡ ላይ "ቧንቧ" ብሎ ጽፎ መሄድ ይቻላል። ብዙ መዝገብ እንደዚያ ነው የሚሞላው። ጎበዝ መርማሪ ግን አንድ ጥያቄ ይጨምራል።

"ቧንቧው ሲጠፋስ?"

"ሲጠፋማ ከጎረቤት ጉድጓድ እናስመጣለን። በጋሪ ያመጡልናል። ባለፈው ሳምንት ሦስት ቀን ጠፍቶ አልነበር?"

ይኼው ነው። ቀጥሎ ያልታመሙትንም ይጠይቋቸዋል። ብዙ ሰው የሚዘነጋው ይህን ነው። የታመሙት ሁሉ ከጉድጓዱ ጠጥተዋል ማለት ብቻውን ምንም አይደለም፤ ያልታመሙትም ጠጥተው ሊሆን ይችላል። ተመሳሳይ ጥያቄ ለጤነኞቹ ጎረቤቶች ቀርቦ አብዛኞቹ "እኛ ሮቶ አለን፣ ጉድጓድ አንነካም" ካሉ፣ ያኔ ጣት ወደ ጉድጓዱ ይቀሰራል። ለንደን ውስጥ ጆን ስኖው የሚባል ሐኪም በ1854 እ.ኤ.አ. ያደረገው ይህንኑ ነበር። የሟቾቹን ቤት እየዞረ ውሃ ከየት እንደሚቀዱ ጠየቀ፤ ብሮድ ስትሪት ላይ ያለችው የእጅ ፓምፕ ላይ ደረሰ። ተህዋሱን ማንም ሳያምንበት በፊት የፓምፑ እጀታ ተነቀለ።

የአካባቢ ጤና ባለሙያው ደግሞ ትንሽ የፕላስቲክ ሳጥን ይዟል። ከጀሪካኑ ውሃ ይቀዳባታል፣ አንዲት ነጭ ክኒን ይጥልባታል፣ ይነቀንቃታል፣ ወደ ብርሃን ያነሳታል። ውሃው ሮዝ ከሆነ ክሎሪን አለው። ቀለሙ በሳጥኑ ጎን ካለው መለኪያ ጋር ይተያያል። በወረርሽኝ ጊዜ በሊትር ቢያንስ ግማሽ ሚሊ ግራም የቀረ ክሎሪን እንዲኖር ይፈለጋል። ውሃው ሳይቀላ ጥርት ብሎ ከቀረ፣ መልካም ቢመስልም፣ መከላከያ የለውም። ሙከራው ጥቂት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ቦኖ ላይ ብቻ መለካት ግን አይበቃም። ቦኖው ላይ ደህና የነበረ ውሃ፣ ክዳን በሌለው ባልዲ ውስጥ አድሮ፣ ሰው ኩባያ ከነእጁ ሲነክርበት ይበከላል። ስለዚህ መለኪያው ቤት ውስጥ፣ ከሚጠጣው ዕቃ ነው።

ጉድጓዱ ታሸገ እንበል። ሰዉስ ምን ይጠጣል? ይህን ሳይመልሱ ጉድጓድ ማሸግ ከንቱ ነው። ማታውኑ ይከፈታል። ቦቴ መምጣት አለበት፤ ቦቴው ውስጥም ክሎሪን መጨመር አለበት፤ ለየቤቱ እንደ ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ ያለ የውሃ ማከሚያ መታደል አለበት፣ አጠቃቀሙም በእጅ ማሳየት ይፈልጋል። ወረቀት ላይ የተጻፈ መመሪያ ብቻ የሚያድሉ ሰዎች ያናድዱኛል።

ሕክምናውማ ቀላል ነው

ቀላል ስል ዕውቀቱን ማለቴ ነው። ሰውነት የተቀደደ ጀሪካን ሲሆን በሚፈሰው ልክ መልሶ መሙላት ነው። ክፉኛ የታመመ አዋቂ በሰዓት እስከ አንድ ሊትር ሊፈስሰው ይችላል። ካልታከሙ ክፉኛ ከታመሙት ግማሽ ያህሉ ሊሞቱ ይችላሉ። በጊዜው በትክክል ከታከሙ ከመቶ አንድ እንኳ አይሞትም። ከስንት በሽታ ላይ ይህን ያህል ልዩነት ይገኛል?

ከታማሚዎቹ አብዛኞቹ በኦ አር ኤስ ብቻ ይድናሉ። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ ይበጠበጣል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ይጠጣል፣ የተረፈው ይደፋል። ፓኬት ከሌለ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በአንድ ሊትር ንጹህ ውሃ በጥብጦ እየሰጡ ወደ ጤና ጣቢያ መገስገስ ነው። ማንኪያው ለጥ ያለ ይሁን፤ ጨው ሲበዛ ይጎዳል።

በጣም የደረቀው ግን በደም ሥር ይፈልጋል። 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ በመጀመሪያዎቹ 3 ሰዓታት 6 ሊትር ይገባለታል፤ ወደ 2 ሊትር የሚጠጋው በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት። አሥር እንዲህ ያሉ ሰዎች በአንድ ቀን ቢመጡ ገና ለመነሻው 60 ከረጢት አለቀ። እሱም የሚፈለገው ሪንገር ላክቴት ነው። መጋዘኑ ግሉኮስ ሞልቶበት "ፈሳሽ አለን" የሚል ኃላፊ ካለ ተሳስቷል። ባዶ ግሉኮስ የጠፋውን ጨው አይተካም። የወረርሽኝ ዝግጅት ማለት አንዳንዴ ሐምሌ ሳይገባ መጋዘን ገብቶ ካርቶኑ ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ታማሚዎቹ ከሌላው ተለይተው የሚታከሙበት ቦታ ሲቲሲ ይባላል። ድንኳን ወይም ባዶ ትምህርት ቤት ሊሆን ይችላል። መግቢያው አንድ ነው፤ ንጹሁና የተበከለው ክፍል አይቀላቀሉም። አልጋው መሃሉ ላይ የተቀደደ ሸራ ነው፣ ከሥሩ ባልዲ አለ። ባልዲው ለንጽሕና ብቻ አይደለም፤ ስንት እንደፈሰሰ ይለካበታል፣ በዚያው ልክ ይተካል። ክሎሪኑም አንድ አይደለም። ለእጅ ቀጭኑ፣ 0.05 በመቶ፤ ለሰገራና ለትውከት ወፍራሙ፣ 2 በመቶ። በርሜሎቹ ላይ በትልቁ ካልተጻፈ አንድ ቀን ሰው በወፍራሙ እጁን ይታጠባል።

አንዱ ሲቲሲ ሩቅ ከሆነ ግን ሰው መንገድ ላይ ይሞታል። ስለዚህ በየቀበሌው ኦ አር ኤስ የሚሰጥበት ጥላ ማቆም ከአንድ ትልቅ ድንኳን ይልቅ ብዙ ነፍስ ያተርፋል። ድንኳኑ ፎቶ ያምርበታል፤ ጥላው ሥር የተቀመጠችው ኤክስቴንሽን ግን ሌሊት የጀመረውን ተቅማጥ ጠዋት ላይ ታገኘዋለች።

ጠያቂና ለቅሶ

እኛ ሰው ሲታመም ዝም አንልም። ዳቦ፣ ጁስና ሙዝ ይዘን እንሄዳለን፤ አልጋው ላይ እንቀመጣለን። ሲቲሲ ላይ ይህ አይቻልም። ለአንድ ታማሚ አንድ አስታማሚ ነው። ይህን በጥበቃ ዱላ ማስከበር ይቻላል፤ ውጤቱ ግን ሰው ታማሚውን ቤት መደበቁ ነው። አጥሩን አጭር አድርጎ ቤተሰቡ ከውጭ እንዲያይ፣ እንዲያነጋግር መፍቀድ ይሻላል።

ለቅሶው ይከብዳል። በኮሌራ የሞተ ሰው አስከሬን አሁንም ተህዋስ አለው። የሚያጥበው ሰው ከዚያ ለለቀስተኛ ንፍሮ ቢያቀርብ ወይም ወጥ ቢያወጣ ሌላ ግራፍ ይጀመራል። መፍትሔው ቀብር መከልከል አይደለም። የእድር ሰብሳቢዎችን፣ ካህናቱን፣ ፓስተሮቹን፣ ሼኮቹን መጀመሪያ ሳምንት ላይ መጥራት ነው። አንድ ሰው ሞቶ ሁሉ ነገር ከተጋጋለ በኋላ አይደለም። ጸሎቱ ይኑር፣ ቀብሩ ይኑር፣ አስከሬኑን ግን የሠለጠነ ሰው በክሎሪን ያዘጋጅ፣ ምግቡ ይቅር ወይም እጅ ማስታጠቢያው ከሳሙና ጋር በር ላይ ይቁም። ይህን ጋሼ የእድሩ ዳኛ ሲናገሩትና ከአዲስ አበባ የመጣ ባለሙያ በማይክ ሲናገረው አንድ አይደለም።

በዓላትም እንደዚያው ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ቋራ ውስጥ ባለው በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል አካባቢ ኮሌራ ተነስቶ ነበር። ብዙ ሰው ከሩቅ የሚመጣበት፣ ሽንት ቤትና ንጹህ ውሃ የማይበቃበት ቦታ ነው። ሀዋሳም ሐምሌ 19 ቀን ገብርኤል አለባት፤ ከተማዋ በሰው ትሞላለች። በዓሉን ማን ይሰርዛል? ማንም። ጊዜያዊ ሽንት ቤት፣ ቦቴና የኦ አር ኤስ ጥላ ግን ከበዓሉ በፊት ማቆም ይቻላል።

ማን ያዛል?

እውነቱን ለመናገር ብዙ ምላሽ የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ጤና ቢሮ አለ፣ ውሃ ቢሮ አለ፣ ከንቲባ ጽሕፈት ቤት አለ፣ ኢንዱስትሪ ፓርኩ የራሱ አስተዳደር አለው፣ እርዳታ ድርጅቶች አሉ። ሁሉም ስብሰባ ይጠራል። ጠዋት በአንዱ ከሰዓት በሌላው ሲሰበሰቡ ሰፈር የሚወርድ ሰው ይጠፋል።

አሠራሩ አንድ የምላሽ አስተባባሪ ይሾም ይላል። ከሥሩ ዕቅድ የሚሠራ፣ መስክ የሚመራ፣ ዕቃ የሚያቀርብ፣ ገንዘብ የሚይዝ ሰው ይኖራል። በቀን አንድ ስብሰባ፣ ቢቻል በግማሽ ሰዓት የሚያልቅ። ትናንት ስንት አዲስ ታማሚ፣ ከየትኛው ቀበሌ፣ ስንት ሞቱ፣ የትኛው ውሃ ክሎሪን አጣ፣ ነገ ማን የት ይሄዳል። በቃ። የአስተባባሪው ሥልጣን ግን ከንቲባውም የሚያከብረው መሆን አለበት፤ ካልሆነ ስሙ ብቻ ነው።

ስለ አበልና ነዳጅም ሳያነሱ ማለፍ አይቻልም። ወሬው ቀላል ይመስላል፤ መኪናው ቆሞ የነዳጅ ፊርማ እየጠበቀ ያለፈ ሦስት ቀን ግን የስንት ሰው ሕመም ነው። ለድንገተኛ ጊዜ አስቀድሞ የተመደበ ትንሽ ገንዘብ፣ በአንድ ፊርማ የሚወጣ፣ ከትልቅ ቃል ኪዳን ይበልጣል።

ወሬው

በሽታውን የሚቀድመው ወሬ ነው። ቴሌግራም ላይ "ውሃው ተመርዟል" ይባላል። ቲክቶክ ላይ አንዱ ሎሚና ነጭ ሽንኩርት ያዝዛል። ሰፈር ውስጥ ደግሞ ምች ነው የሚል አይጠፋም። ጎበዝ ቡድን ወሬውንም እንደ በሽታው ይመዘግባል። የት ተነሳ፣ ማን ያምነዋል፣ ምን ጥያቄ አለበት? "ክሎሪን መካን ያደርጋል" የሚል ወሬ የተነሳበት ቀበሌ ክሎሪን ብታድል ይጣላል፤ መጀመሪያ ጥያቄውን መመለስ አለብህ።

ቋንቋውም ያው አይደለም። ሀዋሳ ላይ አማርኛ ብዙ ሰው ያግባባል። ነገር ግን አዳሩን የሚያስቀምጠው ሰው ቤት ውስጥ የሚነገረው ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ ወይም ኦሮምኛ ሊሆን ይችላል። ፓርኩ ውስጥ ያሉት ልጆች ከየአቅጣጫው የመጡ ናቸው። የባጃጅ ድምጽ ማጉያውም በነዚህ ሁሉ ይናገር። ጥርጣሬ ያለው ሰው 8335 ወይም 952 ላይ በነጻ ይደውላል፤ ደዋዩ የግድ ሐኪም መሆን አያስፈልገውም።

አሞራ ገደል የዓሣ ገበያ ጥሬ ዓሣ በዳጣ የሚበሉ ሰዎችስ? ለጊዜው ማቆም ነው፣ ወዳጄ። የተጠበሰውም ይጣፍጣል። ገበያውን በሙሉ መዝጋት ግን አልደግፍም። ዓሣ ሻጩ እንጀራው ተዘግቶ ቤቱ አይቀመጥም፤ ሌላ ቦታ፣ ውሃ በሌለበት ይሸጣል። እዚያው ቦታ ክሎሪን ያለው ውሃ፣ ሳሙናና ሽንት ቤት ቢቀርብለት ይሻላል።

የማይሠራውን እንወቅ

መንገድ ላይ ኬላ አቁሞ ተሳፋሪ መፈተሽ ኮሌራን አያቆምም። አብዛኛው ተሸካሚ ምልክት የለውም። መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. የመጀመሪያው የኮቪድ ታማሚ ከተረጋገጠ በኋላ የለመድነው የግንባር ቴርሞሜትርም እዚህ አይረዳም፤ ኮሌራ ብዙ ጊዜ ትኩሳት የለውም። አስፋልት ላይ ክሎሪን መርጨትም እንዲሁ። ያ ክሎሪን ጀሪካን ውስጥ ቢገባ ኖሮ!

ክትባት አለ፤ በአፍ የሚሰጥ ነው። ቀድሞ ሁለት ጊዜ ነበር የሚሰጠው። በዓለም ላይ እጥረት ስለተፈጠረ ከ2022 እ.ኤ.አ. መጨረሻ ጀምሮ በወረርሽኝ ጊዜ አንድ ጊዜ ብቻ ይሰጣል። አገሪቱ ከዓለም አቀፉ ክምችት ትጠይቃለች፣ ተፈቅዶ ይመጣል፣ በዘመቻ ይታደላል፣ ሰውነት ውስጥ እስኪሠራ ደግሞ ሳምንት ያህል ይፈልጋል። በሚቀጥለው ወር ለሚመጣው ማዕበል ይጠቅማል። ለዛሬው ጉድጓድ አይደርስም።

ሌላ በሽታ ሲሆን ሥራው ይለወጣል። ኩፍኝ በአየር ነው የሚተላለፈው፤ አንድ ታማሚ ባልተከተበ ሕዝብ ውስጥ ከ12 እስከ 18 ሰው ሊያስይዝ ይችላል። እዚያ ክሎሪን ምን ይሠራል? የሚያዋጣው ክትባቱ ነው፣ በፍጥነት። ማርበርግ ደግሞ በታማሚ ሰው ፈሳሽ ንክኪ ይተላለፋል። በኅዳር 2018 ዓ.ም. ጂንካ ላይ ሲረጋገጥ የነበረው ዋና ሥራ ታማሚዎቹን የነካ ሰው ሁሉ ፈልጎ ለ21 ቀናት መከታተል ነበር። ስለዚህ የመጀመሪያው ጥያቄ ሁልጊዜ "እንዴት ነው የሚጓዘው?" ነው። የሚቀረው ተመሳሳይ ነው። መፈለግ፣ መመዝገብ፣ መክበብ።

ይህን ደግሞ አገራችን አዲስ አልተማረችውም። ፈንጣጣን የማጥፋት ዘመቻ እዚህ የተጀመረው በ1963 ዓ.ም. ነው። ለሁሉም ሰው ክትባት ማዳረስ በዚያ ጊዜ በነበረው መንገድና መኪና የሚታሰብ አልነበረም። ሠራተኞቹ በእግርና በበቅሎ እየዞሩ፣ ገበያ ላይ የታማሚ ፎቶ እያሳዩ "እንዲህ ያለ ሰው አይታችኋል?" ይሉ ነበር። ታማሚው ሲገኝ በዙሪያው ያሉት ይከተባሉ። የመጨረሻው ታማሚ በነሐሴ 1968 ዓ.ም. ደቡብ ምሥራቅ ቆላ ውስጥ ዲሞ በምትባል መንደር ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ኢትዮጵያ ውስጥ ፈንጣጣ የለም።

መቼ ነው አለቀ የሚባለው?

የታማሚ ቁጥር ሲቀንስ ሁሉም ይደክመዋል፤ ድንኳኑ ቶሎ ይፈርሳል። ደንቡ ግን የሚጠረጠሩት ሁሉ ተመርምረው ኔጋቲቭ እየሆኑ ቢያንስ 4 ሳምንት በተከታታይ ማለፍ አለበት ይላል። እስከዚያ መዝገቡ አይዘጋም፣ ውሃው መለካቱ አይቆምም።

ከዚያ የሠሩት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ቀኖቹን ይቆጥራሉ። ልጅቷ ከመምጣቷ በፊት የታመመ ሰው ነበር? ማን አየው? ናሙናው በስንት ሰዓት ላቦራቶሪ ደረሰ? የተረፈው ሪንገር ላክቴት የማብቂያ ቀኑ መቼ ነው? ዳቶ ያለው ጉድጓድስ ይጠገን ወይስ ይደፈን? ለዚህኛው ጥያቄ ጤና ቢሮ በጀት የለውም፣ ሥራው የውሃ ቢሮ ነው። ደብዳቤው በሁለቱ ቢሮዎች መካከል ከቆመ ቧንቧው በጠፋ ቁጥር ጋሪዎቹ ወደዚያው ጉድጓድ ይመለሳሉ።